ያንቺ ገና ናት

እውነቱን ልናገርና፣ የእናቴ ወንድም ሲያርፉ ያለቀስኩት በሐዘን ብቻ አይደለም፤ በቅናትም ነው።

ጋሼ እላቸዋለሁ። ኮልፌ ባለችው ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤታቸው ከቁርጥራጭ ጣውላ ትንንሽ ጀልባና ዳክዬ ይቀርጹ ነበር። ውሃ የሞላ ሳፋ ላይ ሳያንሳፍፉ ለማንም አይሰጡም። ቀጥ ብላ ከቆመች፣ «በቃ አልቃለች፣ ውሰዳት» ይላሉ። ለእህቴ ጀልባዋን በጀመሩላት በሳምንቱ ሰጧት። ለጎረቤቱ ሁሉ ሰጡ። የእኔን ጀልባ ግን ሳፋው ላይ አድርገው ጠርዟን በአውራ ጣታቸው ነካ ሲያደርጓት ታጋድላለች።

«ያንቺ ገና ናት፤ ቅዳሜ ነይ።»

መጀመሪያ በጉጉት፣ በኋላ በእልህ፣ ተማሪ ሆኜ ጀምሬ ሥራ ከያዝኩም በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ነበር። ፍቅፋቂው ቀሚሴ ላይ እየረገፈ ስናወራ እንውላለን። እኔ ግን ልቤ በእህቴ ጀልባ ላይ ነበር።

ለቅሶው ላይ ሰዉ የየራሱን ጀልባ አምጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ሲደረድር እኔ ብቻ ባዶ እጄን ነበርኩ። ለእህቴ መቅናቴን ብነግራት አፈጠጠችብኝ።

«አንቺ ደግሞ! እኔን እኮ ሰጥተው ሸኙኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልሂድ? አንቺን ግን በየሳምንቱ ነይ ይሉሽ ነበር። ስቀናብሽ ነው የኖርኩት።»

ዛሬ ጀልባዬን ከጋሼ መደርደሪያ አውርጄ ሳፋው ላይ አስቀመጥኳትና እጄን አነሳሁ።

ቀጥ ብላ ቆመች።

ምነው ባጋደለች። ነገ ቅዳሜ ነው።