የመስታወት ቤት ምሳ

ዛሬ ጠዋት ታቦር ሰፈር ጎረቤቴ መስኮት ሲገጥም የመስታወት መቁረጫው ጭርርር ሲል ሰማሁ። ሻዬን አስቀመጥኩ። ወንድሜ ትዝ አለኝ።

ታላቄ ነበር። ሀዋሳ ሐይቁ አጠገብ ለአበባና ለችግኝ የመስታወት ቤት የሚሠራ ወርክሾፕ ነበር፤ እዚያ መስታወት ይገጥም ነበር። ወርክሾፑን ያቋቋመው አንድ ግሪካዊ ሽማግሌ ነው። ብረቱን እዚያው ይበይዳሉ፣ መስታወቱን ይቆርጣሉ፣ ከዚያ እስከ ቡና አገር ድረስ ሄደው ይተክላሉ። ደርግ ሲመጣ ተወረሰ። ሽማግሌው አንድ ሻንጣ ይዞ ሄደ። በር ላይ የነበረው ስሙ ቀይ ቀለም ተቀባበት።

እሱ ያስለመደው ልማድ ግን አልቀረም። ቤቱ ሲያልቅ መስታወቱን የገጠመው ሰው በቀትር ፀሐይ ተዘግቶበት ምሳውን እዚያው ውስጥ ይበላል። ሙቀቱ መስታወቱን ካልሰነጠቀው ሥራው አለቀ ማለት ነው። ከውጭ ሆነው ይስቁበታል። "ቀስ ብለህ ጉረስ፣ ሙሽራው!"

በወርክሾፑ ግቢ አንድ ቤት ያለቀ ቀን ወንድሜ ከወባ ገና መነሳቱ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ምሳውን አደረስኩለት።

"ዛሬ እንኳ ይቅርብህ" አለው ፎርማኑ።

"ሳልበላማ አላስረክብም፣ ጋሼ።" ገባ።

ከዚያ ካድሬው መጣ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነበር። በመስታወቱ አየው።

"ጓድ፣ ዛሬም የፈረንጁን ድግስ ትደግሳለህ?"

ወንድሜ ቆጮውን ቆርሶ አነሳ። "ይግቡ፣ ጓድ! ለእርስዎም ይበቃል!"

ሠራተኛው በሳቅ ፈነዳ። ካድሬው አልሳቀም። በሩን ከውጭ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። "እንግዲህ እስክመለስ ይብላ። ይህ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው። የነካው አሻጥረኛ ነው።" ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጠባቂ አቁሞ ስብሰባ ሄደ።

ፎርማኑ ጠባቂውን ለመነው። "ልጄ፣ በሽተኛ እኮ ነው።"

"ጋሼ፣ እኔ ቁልፍ የለኝም። ወደ ኋላ ይበሉ።"

ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። መስታወቱ ላብ አወጣ። ወንድሜ ሸሚዙን አወለቀ፤ በበሩ ሥር አፉን አስጠግቶ አየር ፈለገ። ድንጋይ አነሳሁ። ጠባቂው ጠመንጃውን አቀባበለ። ያኔ ወንድሜ ተነሳ፤ ልወረውር ባነጣጠርኩበት ቦታ ከውስጥ መዳፉን ለጠፈ። ወደ ግራ ሄድኩ። መዳፉ ተከተለኝ። ወደ ቀኝ። እዚያም። ራሱን ነቅንቆ እንቢ አለኝ።

ከዚያ መዳፉ መስታወቱን እየጠረገ ወረደ።

ወረወርኩ። ጠባቂው አልተኮሰም፤ በሰደፍ መታኝ። በተሰበረው በኩል የወጣው ሙቀት ፊቴን ገረፈኝ። ወንድሜ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ጎረቤቴ አሁንም ይቆርጣል።

እኔ መስታወቱን ሰበርክ ተብዬ ታሰርኩ። ወንድሜን ሲቀብሩት አልነበርኩም። እናታችን እስር ቤቱ በር ላይ መጥታ የእሱን ሹራብ ሰጠችኝ።

"ሌሊት ይበርዳል። ልበሰው።"

አላጠበችውም ነበር።