ከሻንጣው የወጣው አደራ

እናቴ ለዑምራ መካ ልትሄድ በተነሣች ሰሞን ከእኔ ጋር ስንነታረክ የከረምነው በሻንጣ ነው። በሌላው ነገር ሁሉ ተስማምተን ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው መንገድ ስለሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ደስ ብሎታል፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ደስታዬን አርፌ የማጣጥም ሰው አይደለሁም። አንድ ነገር ሲሳካልኝ ወዲያው በየት በኩል ሊበላሽ እንደሚችል መፈለግ እጀምራለሁ። ያን ጊዜ ዓይኔ ያረፈው ሻንጣው ላይ ነበር።

ቡሬ ገበያ በርበሬ እንነግዳለን። ከአባቴ ሞት በኋላ ሱቁን የያዝነው እናቴና እኔ ነን። እናቴ ጆንያ ስትሰፋ የራሷ የሆነ አሰፋፍ አላት፤ መርፌዋን ወደፊት ወስዳ እንደገና ወደኋላ ትመልስበታለች። ጆንያው ፍኖተ ሰላምም ይራገፍ አዲስ አበባ፣ በመንገድ ላይ ሰው ፈትቶ መልሶ ሰፍቶት ከሆነ ገና ከመኪና ሳይወርድ ታውቀዋለች። እናም ለአውሮፕላኑም ሻንጣ መርፌና ሲባጎ ይዛ መጣች።

«እማ፣ አውሮፕላን ላይ ጆንያ አይሰፋም።»

«ለምን አይሰፋም? ሌባው ሰው አይደለም?»

«ፈታሾቹ በመቀስ ይቆርጡታል። ከዚያ በኋላ ማን እንደከፈተው በምን ታውቂያለሽ?»

መርፌዋን መለሰች፤ አኩርፋ ነው የመለሰችው። እኔ በበኩሌ ጠንካራ ቁልፍ ገዛሁ፤ ስሟንና ስልኬን በወረቀት ጽፌ አንዱን ከውጭ አንዱን ከውስጥ አደረግሁ፤ ሻንጣውን ከፊት ከኋላ በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። የደም ግፊት መድኃኒቷንና ፓስፖርቷን ከእጅ ቦርሳዋ እንዳታወጣ አስማልኋት። ስትሰለች «ልጄ፣ ሻንጣ ነው የምትልኪ ወይስ ሙሽራ ነው የምትድሪ?» አለችኝ። የቤቱ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ያላሳቀኝ አደራው ነው። ከእኛ አካባቢ ጅዳ ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። እናቴ እንደምትሄድ በተሰማ ጊዜ እናት የተባለች ሁሉ የልጇን ስንቅ ይዛ ትመጣ ጀመር፤ ድልህ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ። እዚያ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የማንኩሳ ልጅ እናቴ ካረፈችበት መጥታ ትቀበላትና ለየባለቤቱ ታደርሳለች ተብሎ ተነጋግረው ጨርሰዋል። በእኛ አገር ደግሞ የሰው አደራ አይፈታም። በውስጡ ምን እንዳለም አይጠየቅም፤ መጠየቅ «አላምንሽም» ማለት ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል።

እኔን ግን ገበያ ውስጥ የሰማሁት ወሬ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር። አንዲት ሴት የሰው ዕቃ በሻንጣዋ ይዛ ሄዳ፣ ያላወቀችው ነገር ተገኝቶባት፣ ለጸሎት የሄደችበት አገር ታስራ ቀረች ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። እናቴ በማታውቀው ቋንቋ ስትጠየቅ፣ «አደራ ነው፣ አደራ ነው» ስትል፣ የሚሰማት አጥታ ስትቆም ይታየኝ ነበር።

ስለዚህ አፍሬም ሳላፍርም በየቤቱ ዞርሁ። ኪሎው እንዳይበዛ ልመዝን ነው እያልሁ ስንቁን አስፈታሁ፤ በሚያሳይ ፌስታል መልሼ አሰርሁት። ሴቶቹ እየሳቁ «አንች ሰላይ!» አሉኝ እንጂ አልተቀየሙኝም። ሁሉም ተፈታ፤ አንድ ብቻ ቀረ።

እሱም የጎረቤታችን ነው። ግድግዳ ለግድግዳ ነን። እሷ ክርስቲያን ናት፤ እኛ እስላም። በበዓል ከብቱ ለየብቻ ይታረዳል እንጂ ሌላው ነገር የጋራ ነው። ልጇና እኔ አብረን አድገናል፤ አንድ ደብተር ለሁለት እየጻፍን ነው የተማርነው። ጅዳ ከሄደች ቆይታለች። መጀመሪያ ትደውል ነበር፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ድምጿ ጠፋ። አንዳንዱ የእኛ አካባቢ ኔትወርክ ሲቋረጥ ስለከረመ ነው ይላል፤ አንዳንዱ አሠሪ ቀይራ ስልኳን ተቀምታ ይሆናል ይላል። ሌላው ሰው ምንም አይልም፤ እናቷን የሚያስፈራት ይህ ምንም የማይለው ነው።

ጎረቤታችን በነጭ ጨርቅ ዙሪያውን የሰፋችውን ትንሽ ጥቅል በሁለት እጇ ለእናቴ ሰጠቻት።

«እቴዋ፣ ይህች ናት ልጄን የምታገኝልኝ። ኸእጇ ከደረሰች ዝም አትለኝም፤ ደኅና ነኝ ብላ ቃል ትልክልኛለች። ሌላ መላ የለኝም።»

እናቴም በሁለት እጇ ተቀበለቻትና «ኢንሻአላህ እኔው እጇ ላይ አኖራታለሁ» አለቻት። ሁለቱም አለቀሱ።

እኔ መሐል ገባሁ። «እትዬ፣ ምን አድርገውበት ነው? ፍተሻ ላይ እንዳያስቸግር…»

«ምንም አይደል ልጄ፣ ትንሽ ስንቅ ናት» አለችኝ፤ መሬት መሬት እያየች። እናቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ። ያችን ጥቅል እሷ ፊት መፍታት እንደ ጥፊ ነበር፤ ከኋላዋ መፍታት ደግሞ ሌብነት ነው። ሳትፈታ ሻንጣ ገባች።

ከቡሬ ባሕር ዳር ድረስ ያለው መንገድ አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ በሆነበት ጊዜ ነው የሄድነው። በየኬላው ውረዱ እንባላለን፤ ሻንጣው ከሚኒባሱ ጣሪያ ይወርዳል፤ እከፍታለሁ፤ ይበረብሩታል፤ እዘጋለሁ። ነጩን ጥቅል ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ይተዉታል። ያ ጠንካራ ብዬ የገዛሁት ቁልፍ ባሕር ዳር ስንደርስ እየተንጋደደ አልገባ ይለኝ ነበር። እናቴ ስታየኝ ቆየችና «ሲባጎው ይሻል ነበር» አለች። በንዴቴ ላይ ጨመረችብኝ።

አውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ እርጅናዋን አይተው እስከ መጀመሪያው ፍተሻ አብሬያት እንድገባ ፈቀዱልኝ። ሻንጣው መሣሪያው ውስጥ ገባና ቆመ። ወደኋላ መለሱት፤ እንደገና አስገቡት። ፈታሿ ወጣት ሴት ናት፤ ፊቷ ክፉ አይደለም።

«እማማ፣ ይህን ሻንጣ ያሰሩት እርስዎ ነዎት?»

እናቴ ውሸት አይሆንላትም። «ኧረ ምን እኔ ብቻ፣ አገሩ ሁሉ ነው ያሰረው» አለች።

ከኋላችን የቆሙት ሳቁ። ፈታሿ አልሳቀችም። ነጩን ጥቅል አውጥታ አስቀመጠችው።

«በዚህ ውስጥ ምን አለ?»

«አደራ ነው ልጄ።»

«ምን እንደሆነ ሳያውቁ ነው የያዙት?»

«አደራ ይታወቃል እንዴ? ይደርሳል እንጂ።»

ፈታሿ እኔን አየችኝ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ «ይፈታ» አልሁ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ክሩ ተቆረጠ።

ከጨርቁ ውስጥ የወጣው በፌስታል የተቋጠረ አመድ የመሰለ ዱቄት ነው። ከሥሩ አፏ በሰም የተደፈነ ትንሽ የውሃ ጠርሙስ አለች፤ በጠርሙሷ አንገት ላይ ጥቁር ክር ተጠምጥሟል። እኔ ወዲያው አልገባኝም። እናቴ ግን ጎረቤቷን ታውቃለች። ዱቄቱ ከጠበል ቦታ የሚወሰደው፣ ክርስቲያኖች እምነት የሚሉት አፈር ነው፤ ውሃው ጠበል ነው፤ ክሩም ማተብ።

«ግሽ ዓባይ የሄደችው ለዚህ ኖሯል» አለች። ጎረቤታችን ከሰሞኑ ከቤቷ ጠፍታ ከርማ እግሯ አብጦ ነበር የተመለሰችው። የጠበሉ አገር ግሽ ዓባይ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነው ብላን ነበር።

ፈታሿ ራሷም ማተብ አስራለች። ዱቄቱን አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ እኔ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ግን ምንነቱ ያልተመረመረ ዱቄትና ፈሳሽ ላሳልፍ አልችልም። እኔ እንኳ ባሳልፍዎ እዚያ ሲያቆሙዎ ማን ያስረዳልዎታል?»

«በሁለት እጄ ነው የተቀበልሁት» አለች እናቴ። «በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ተናደድሁ። በጎረቤታችን ተናደድሁ፣ በእናቴ ተናደድሁ፣ አደራ አይፈታም ባለው ሰው ሁሉ ተናደድሁ። «አንች ብትታሰሪ ልጅቱ ትገኛለች?» ብዬ ጮኽሁባት፤ ሰው ዘወር ብሎ እስኪያየን ድረስ። እናቴ ግን እኔን አልሰማችኝም። ሌላ ነገር ነበር የያዛት።

«ለምን ደበቀችኝ?» አለች። «እስላም ናት፣ መካ ልትሄድ ነው፣ ትጠየፈዋለች ብላ ነው አይደል? እኔን? ብትነግረኝ በጉያዬ ይዤው አልሄድም ነበር?»

ብትነግረንማ እዚያው ቤታችን ቁጭ ብለን መላ እንመታ ነበር፤ ዱቄቱን ትተን ሌላ ነገር እንልክላት ነበር። አንዷ ላለማስቀየም ደበቀች፤ ሌላዋ ላለማስቀየም አልጠየቀችም። በመዋደዳቸው ብዛት ነው እዚህ የደረስነው።

ተሳፋሪ እየተጠራ ነው። እናቴ እንባዋን በሻሿ ጠረገች። ከጠርሙሷ አንገት ላይ ጥቁሩን ክር ፈታችና የሻንጣው እጀታ ላይ ጠምጥማ ቋጠረችው።

«ሰው ሁሉ ምልክት ያስር የለም? ይህ የእኔ ምልክት ነው።»

ፈታሿ ክሩን አየችው፤ ሻንጣውን ወደ ውስጥ ገፋችው። እናቴም ዘወር ሳትል ሄደች። የተቀረው፣ ዱቄቱና ጠርሙሷ ከተቀደደው ጨርቅ ጋር፣ እኔ እጅ ላይ ቀረ።

ወደ ቡሬ ስመለስ ጥቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የመጣሁት። እንጅባራን እስካልፍ ድረስ የማስበው ስለ እናቴ ብቻ ነበር፤ ሻንጣዋ ደረሰ ወይስ አልደረሰ። ከእንጅባራ በኋላ ግን አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። እኛ ዘንድ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ ስትሞት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ዕቃዋ ነው። ሬሳው ይዘገያል ወይም እዚያው ይቀራል፤ ሻንጣው ግን በሰው እጅ ይመጣል፤ ያን ጊዜ መርዶ ነጋሪ አያስፈልግም። ለልጅ የተላከ ነገር ተመልሶ ከእናት ደጅ ሲደርስም ሰው ሌላ ትርጉም አይሰጠውም።

ደወልሁ፤ ኔትወርክ የለም። ቤቴ ገብቼ ጥቅሉን አስቀምጣለሁ፣ ነገ የንስሐ አባቷን ይዤ ሄጄ ቁጭ አድርጌ አስረዳታለሁ ብዬ ወሰንሁ። ጥቅሉን በሻርፔ ሸፈንሁት።

እሷ ግን ደጃችን ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ ብድግ አለች።

«በሰላም አሳፈርሻት? ኧረ እሰይ!»

ልታቅፈኝ እጇን ዘረጋች። እኔም ላቅፋት ስል ሻርፔ ተንሸራተተ፤ ነጩ ጨርቅ ታየ። አልጠየቀችኝም። በተዘረጋው እጇ ራሷን ያዘች።

«ልጄን! ልጄን!»

«አልሞተችም! እትዬ፣ አልሞተችም! ፍተሻ ነው የመለሰው!» እያልሁ ጮኽሁ። የእኔ ጩኸት ከእሷ ጩኸት ጋር ተደባልቆ ለቅሶ ስለመሰለ ሰፈሩ ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ። ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ሰፈሩ ውስጥ ያሉት የንስሐ አባቷም መጡ፤ መስቀላቸውን ይዘው ሰዉን ዝም አሰኙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ተረጋጊ። ምንድን ነው የሆነው?»

እየተንተባተብሁ ነገርኋቸው፤ ዱቄቱን፣ ጠርሙሷን፣ ፍተሻውን። እሳቸውም ጥቅሉን ተቀብለው አዩት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስለዚህ የተመለሰው ኸዚሁ ኸባሕር ዳር ነው። ከልጅቱ ዘንድ አልደረሰም።»

«አልደረሰም አባ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሰምታችኋል?» አሉ ለሰዉ። ለቅሶው ቀስ እያለ በረደ። አንዳንዱ ነጠላውን ማስተካከል ጀመረ። ጎረቤታችን ግን መሬት ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አፌን አፌን ታየኝ ነበር።

«አልሞተችም ብለሻል» አለችኝ። «ሰምተሽ ነው? ደኅና ናት ያለሽ ሰው አለ?»

እኔ በገበያ ሳልዋሽ የዋልሁበት ቀን የለም፤ የአምናውን በርበሬ የዘንድሮ ነው እላለሁ፣ ምላሴን አይዘኝም። ያን ሰዓት አንድ ቃል ብዋሽ ያቺ ሴት ተነሥታ ቤቷ ትገባ ነበር። ዓይኗ ግን አላስዋሸኝም።

«አልሰማሁም እትዬ» አልኋት። «ማንም አልነገረኝም።»

ለቅሶው እንደገና ተነሣ። ለሞተ ይሁን ለጠፋ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም ከአጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥሁና አብሬያት አለቀስሁ።