የማይጠጣ ማኅበር

በአማርኛ ማኅበር ይጠጣል። አይሰበሰቡበትም፣ አይወያዩበትም፤ ይጠጡታል። «የማንን ማኅበር ትጠጣለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚጠብቀው የታቦት ስም ነው። መጠጥ ለማቆም ማኅበር ስገባ ይህን ማሰብ ነበረብኝ። በቃላት ላይ ስራቀቅ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ አላሰብሁም።

ያኔ ቆቦ፣ በታላቅ እህቴ ግቢ፣ ከማድቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል እኖር ነበር። ትዳሬንም፣ ዋጃ የነበረኝን የማስተማር ሥራም ጨርሼ ስመጣ ያስገባችኝ በአንድ ቃል ነው፦ «አንድ ቀን ጠጥተህ ብትመጣ አልጋህን ከአጥሩ ውጭ ታገኘዋለህ።» ሌላ መሄጃ አልነበረኝም።

ማኅበሩን ያገኘሁት ፈልጌ አይደለም። ጨጓራዬን ልታከም ጤና ጣቢያ ብሄድ ነርሷ «ስንት ትጠጣለህ?» አለችኝ።

«እንደ ሰው።»

«እንደ ስንት ሰው?»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ክትባት ክፍሉ እንድመጣ ነገረችኝ። መጣሁ። አምስት ነበርን፦ እኔ፣ አንድ ጡረተኛ ወታደር፣ አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ ከጎብዬ የሚመጡ ሁለት ዝምተኛ ገበሬዎች። እንዲህ ባለ ስብሰባ በውጭ አገር ስም እንደማይገለጥ አንብቤአለሁ። ቆቦ ላይ ምስጢር መጠበቅ ማለት፣ በመስኮቱ ሥር ወረፋ የያዘች ሴት «እነዚያ ሰካራሞች መጡ» ስትል እንዳልሰሙ መሆን ነው። እኛም አልሰማንም። ተራ በተራ አወራን። እኔ ስናገር የራሴ ድምፅ ከጎረቤት ሬዲዮ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። አላፍርም፣ አላዝንም። ግን አልጠጣሁም፤ ነርሷ ለጊዜው ይህ ይበቃል አለች።

በሦስተኛው ወር ክፍሉ ለሌላ ሥራ ተፈለገ። ነርሷ «በየቤታችሁ በተራ ይሁና» አለች። ዕጣው መጀመሪያ እኔ ላይ ወጣ።

ማታ እራት ስንበላ ለእህቴ «ከሐሙስ ሳምንት ማኅበር እኔ ጋ ነው» አልኋት። ሐሙስ ሐሙስ የት እንደምሄድ ነግሬአት አላውቅም። መጠጡን የተውሁት በጠበል ይመስላት ነበር፤ እኔም አላረምኋትም።

«የየትኛው ታቦት ነው?»

«የሁሉም። ሙስሊምም አለበት።»

ቀልድ መሆኑ ነው። እሷ ግን ፊቷ በራ። በማግስቱ ጋኑ በወይራ ታጠነ። ጌሾ ተወቀጠ፤ የማሽላው እንኩሮ ታመሰ። ግድግዳዬ ቀጭን ነው። ተኝቼ ሁሉንም እሰማለሁ፣ ሁሉንም አሸታለሁ። አንድም ቃል አልተነፈስሁም።

ሐሙስ ደረሰ። አምስታችንም ከነነርሷ ክፍሌ ውስጥ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። እህቴ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ጠላውን በማሰሮ ይዛ ገባች። በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ከዚያ ብርጭቆ ሞልታ ለእኔ ዘረጋች።

«ተረኛ አንተ ነህ። ቅመስና አስይዛቸው።»

ተቀበልኋት። ወታደሩ ጣራውን አየ። ከገበሬዎቹ አንደኛው ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት።

«እትዬ» አልሁ፣ «እኛ የማንጠጣ ማኅበር ነን።»

«ምን ማለት ነው?»

«ለመተው ነው የምንሰበሰበው። መጠጥ ለመተው።»

ማሰሮውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ወደ እንግዶቹ አንድ በአንድ ተመለከተች፤ ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ ቆቦ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጠምቅ አልሸተተህም?»

ወታደሩ ሊያወጣኝ ፈልጎ «ልማድ አፍንጫ ይደፍናል፣ እትዬ» አለ።

«እርስዎን አልጠየቅሁም።»

«ሸቶኛል» አልሁ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

በክትባት ክፍሉ ስንት ሐሙስ ስለ ሐቀኝነት ተናግሬአለሁ። አሁን ያለኝ መልስ አንድ ነበር። «አላውቅም። ምናልባት እንዲህ እጄ ላይ እንዲደርስ ነው።»

ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደች። ጎንበስ ብላ ትንፋሼን አሸተተች፣ በሰው ፊት፣ እንደ ሕፃን።

«የነገርሁህ ስለ መጠጣት ነው» አለች ቀና ብላ። «ስለ ማሽተት ያልሁት የለም።»

ማሰሮውን ይዛ ወጣች። ስትመለስ በእጇ አንድ ጆግ ነበረ፤ ለሙስሊሙ እንግዳ ለብቻ ያዘጋጀችው፣ የማያሰክረው ቀሪቦ። ለአንድ ሰው የታሰበውን ለስድስት አካፈለችው።

ባጃጅ ነጂው ብርጭቆውን ይዞ ሳቀ። «ወላሂ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ሙስሊምነቴን ያስታወሰኝ ሰው እትዬ ናቸው! እሱንም እነዚህ ተሻሙብኝ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም አፌ ሲከፈት ተሰማኝ። ቀሪቦው ጣፋጭ ነበር ይላሉ፤ እኔ ጣዕሙን አልለየሁትም።

ጠላው ለጎረቤት ታደለ። ሳምንቱን ሙሉ ሰዉ መንገድ ላይ «ማኅበርህን ያዝልቅልህ» እያለ መረቀኝ፤ እኔም አሜን አልሁ። አልጋዬ እዚያው ቦታው ላይ ቆየ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስወጣ እህቴ ከማድቤት ጠራችኝ።

«ዛሬ የት ነው የምትጠጡት?»

«ወታደሩ ቤት።»

«ለሚስቱ ነግሯታል?»

አላውቅም ነበር። ከሰዓቱ ቀድሜ ወጣሁ። የወታደሩ አጥር ጋ ስደርስ ቆምሁ፤ ከመግባቴ በፊት አየሩን በደንብ ሳብሁት።