በኖራ የተሰመረ ካቢን

ሶዶ ትኬት ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን ወንበሬ ላይ የተቀመጥኩት አማትቤ ነው። አለቃዬ አቶ ሳሙኤል የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝና የትኬት ጥራዙን፣ ካርቦኑንና የአውቶቡስ ወንበሮች የተሳሉበትን ካርቶን አስረከቡኝ። «እህት ብዙአየሁ፣ ትኬት መቁረጥ ማንም ይችላል» አሉኝ። «የአንቺ ሥራ ሰው ማስቀመጥ ነው።»

በዚያው ቀን አጠፋሁ። ጨቅላ የያዘች እናት ወደ አርባ ምንጭ ስትሄድ መስኮት ትወዳለች ብዬ ከኋላ ጎማ በላይ አስቀመጥኳት። ሁምቦን ሳያልፉ እናትም ልጅም አስመለሳቸው። ስትመለስ ቢሮ ድረስ መጥታ በወላይትኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችልኝ። ያኔ ከደብረ ታቦር ከመጣሁ ሁለት ወሬ ነው፤ ባለቤቴ መምህር ሆኖ ሶዶ ተመድቦ ነው የተከተልኩት። በወላይትኛ የማውቀው «ሳሮ» የሚለውን ሰላምታ ብቻ ስለነበር የስድቡ የመጀመሪያ ግማሽ አመለጠኝ። ሁለተኛው ግማሽ በቂ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያሉትን ወንበሮች ካርቶኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከበብኳቸው። ልጅ የያዙ እናቶች መቅረታቸውን ሳላረጋግጥ ለሌላ አልሸጥም። አንድ ጊዜ ከሃላሌ የመጡ የወረዳ ኃላፊ ከቀዮቹ አንዱን ጠየቁኝ። ልጅ ይዘው ካልመጡ እንደማይሆን ነገርኳቸው። አቶ ሳሙኤል ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

ዓመታት አለፉ። ሚሊኒየሙን አክብረን ብዙም ሳንቆይ ቢሯችን የአውሮፕላን ትኬትም መሸጥ ጀመረ። እኔም የመንገደኞች ኃላፊ ተባልኩ፤ ከእኔ በታች ማንም ስላልነበረ ሥልጣኔ አላስቸገረኝም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዘይነባ ባሏን ሸምሱን አስከትላ ገባች። ቤተሰቦቻቸው ከስልጤ የመጡ ናቸው፤ ከፊት ለፊታችን የሳሙናና የስኳር ጅምላ መደብር አላቸው። የሁለት ዓመት ተኩል ልጃቸው ነኢማ በሻርፕ ጫፍ ከእናቷ ወገብ ጋር ታስራለች።

ሻርፑ ምክንያት አለው። ነኢማ ሯጭ ነበረች። አንድ የገበያ ቀን ከባንኮኒው ሥር ሾልካ ወጥታ በጋሪ ፈረስ እግሮች መካከል ቆማ ስትስቅ ተገኘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘይነባ ስትሸጥም ስትበላም ታስራታለች።

ጉዳያቸው እንዲህ ነው። የዘይነባ ወንድም ሙራድ በአንድ ትልቅ የመንሸራሸሪያ መርከብ ላይ ልብስ አጣቢ ነው። ከተያዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን ድርጅቱ ቤተሰቡን ለአንድ ሳምንት እንዲጋብዝ ፈቀደለት፤ ከዱባይ ይሳፈራሉ። ካቢን የሚሉት የመኝታ ክፍል ሦስት ምርጫ ተሰጥቷቸዋል፤ እስከ አርብ አንዱን ማሳወቅ አለባቸው። አንደኛው ላይኛው ፎቅ፣ ከፊት፣ ባለ በረንዳ ነው። ሁለተኛው ከኋላ፣ መስኮቱ የማይከፈት፣ ከላዩ የጭፈራ አዳራሽ ያለበት ነው። ሦስተኛው ታችኛው ፎቅ፣ መርከቡ መሃል፣ ጭራሽ መስኮት የሌለው ነው።

ሸምሱ ወስኖ ጨርሶ መጥቷል። ባለ በረንዳው። «ባሕር ላይ ከርሜ ባሕር ሳላይ ብመጣ ገበያው ምን ይለኛል?»

«እንግዲያ አንተ ሂድ» አለችው ዘይነባ። «እኔና ነኢማ እዚሁ ነን።»

ሸምሱ ሱቅ ሲመለስ እሷ ቀረች። የሻርፑን ቋጠሮ እየነካካች ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ወንድሜን ሳላየው እንዳልሞት ነው የምፈራው፤ ግን እህቴ፣ ይቺን ልጅ ውሃ መሃል ምን ላይ ላስራት?»

እኔ ከውሃ የማውቀው ጣናን ነው፣ እሱንም ከሩቅ። አንድ ሌሊት ጸለይኩበት። ከጸለይኩ በኋላ ሜትር ፈለግሁ።

የክፍሎቹን ንድፍ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ አሳተምኩ፤ ገጹ እስኪወጣ አንድ ዳዊት ይደገማል። ከዚያ የባለቤቴን ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ለመንኩት። የኳስ ሜዳ የሚያሰምርበትን ኖራና ሲባጎ ይዞ መጣ፤ ከቢሯችን ጀርባ ባለው ግቢ ሦስቱንም ካቢኖች በልካቸው አሰመርን። አልጋው እዚህ፣ መታጠቢያው እዚህ፣ በሩ እዚህ። የሕፃን አልጋ ጨምረን ብናሰምር የመታጠቢያው በር እንደማይከፈት የታወቀው ያኔ ነው። ሙራድን በኢሜይል ጠየቅነው፤ ሁለቱን አልጋ ገጥሞ ግድግዳ ማስጠጋት ይቻላል አለ። ነኢማ ግድግዳው በኩል ትተኛለች ማለት ነው። ወረቀቱን ብቻ ብመለከት ኖሮ ይህን አላየውም ነበር።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ቤተሰቡን ጠራሁ። የመጣው ግን ሰፈሩ ነው። አንዲት ጎረቤት ልብስ የሚሰጣበት የት እንደሆነ ጠየቀች። አንድ የባጃጅ ሾፌር በረንዳው ላይ ማቆም ይቻላል ወይ አለ። ግድግዳ የረገጠ ሁሉ «በበር!» እየተባለ ተመልሶ እንዲገባ ተደረገ፤ አቶ ሳሙኤል እንኳ ሁለት ጊዜ ተመለሱ።

ሸምሱ በቀጥታ በረንዳው ላይ ወጣ። በሌለ ብረት ላይ እጁን አሳርፎ ዳሞታ ተራራን እያየ፣ ባሕሩ እንዴት እንደሚያምር ለሚስቱ ይነግራት ጀመር። ነኢማን ለሙከራ እንድትፈታልኝ ዘይነባን ጠየቅኋት። ፈታቻት። ልጅቱ በአባቷ እግሮች መካከል ሾልካ፣ የበረንዳውን መስመር አልፋ፣ የጎረቤት ፍየል ጋ ስትደርስ ነው የተያዘችው። ሸምሱ እጁን ከብረቱ ላይ አነሳ።

የኋላውን እኔው ሰረዝኩት። ከኋላ ጎማ በላይ ነው።

መሃለኛው ቀረ። ሸምሱ መስኮት የሌለው ክፍል መጋዘን እንጂ ክፍል አይደለም ብሎ አጉረመረመ። ዘይነባ ግን እየለካችው ነበር። ግድግዳ ከሌለ ልጅቱ መሸሿ ስለማይቀር ከሸምሱ መደብር ባዶ ማዳበሪያዎች አስመጣሁ፤ ስምንት የባጃጅ ሾፌሮች ዙሪያውን ቆመው ወጥረው ያዙልኝ። ሰሌን አነጠፍን። ዘይነባ ከልጇ ጋር ገባች፤ ሻርፗን መልሳ አስራለች። አንዱ ሾፌር ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ግድግዳ አያስልም» አሉት አቶ ሳሙኤል።

በማዳበሪያዎቹ ቀዳዳ አየሁ፤ ይቅር ይበለኝ። ነኢማ እስከ ሻርፑ ርዝመት ሄደች፤ ተመለሰች። ዘይነባ ዙሪያውን አየች፣ አንድ ጊዜ በሩን ገፋ አድርጋ ሞከረች፣ ከዚያ ቋጠሮውን ፈታችው። ልጅቱ አንዱን ግድግዳ ገጨች፤ ሌላውን ገጨች፤ ሦስተኛውን ገጨችና ግድግዳው «ኧረ እግሬን!» አለ። ሳቀች። ሁለት ዙር ሮጣ መውጫ ስታጣ እናቷ አጠገብ ዘፍ አለች። ትንሽ ቆይቶ የሁለቱም ትንፋሽ ተሰማን። ዘይነባም ተኝታ ነበር። ስምንት ሾፌሮች በፀሐይ ግማሽ ሰዓት ማዳበሪያ ይዘው ቆሙ፤ አንድም የተንቀሳቀሰ የለም።

ስትነሳ ሻርፑን ጭንቅላቷ ላይ ጣል አደረገች። «ይሄኛውን ክፍል ቁረጪልኝ» አለችኝ።

ሄደው ተመለሱ። ነኢማ ካቢኑ ውስጥ ሳትታሰር ከረመች። የጠፋው ሸምሱ ነው። በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑበት በየቀኑ የሰው ክፍል ያንኳኳል፤ በመጨረሻ ከሶዶ ይዞት የሄደውን የሳሙና ካርቶን ቀዶ በራቸው ላይ ለጠፈ። ባሕሩን ከላይኛው ፎቅ አየው፤ በዚያው አስመለሰው። ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ናት፤ እሱ ለገበያው የነገረው ስለ ዓሣዎቹ ነው።

ስለ ወንድሟም ዘይነባን ጠየቅኋት። ሙራድ ከአራት ሰው ጋር ነው የሚያድረው። በየቀኑ በእረፍት ሰዓቱ እየመጣ ነኢማን አቅፎ አልጋቸው ላይ ይተኛ ነበር። «ብዙም አላወራን። ጨለማ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። ዝም ብዬ አየሁት።»

ያ የኖራ መስመር እስከ ክረምቱ ዝናብ ግቢያችን ውስጥ ቆየ። አቶ ሳሙኤል ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በበሩ እንጂ በግድግዳው አልፈው አያውቁም።

እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። ደብረ ታቦር በዓመት አንዴ እሄዳለሁ፤ የምቀመጠው በጎማዎቹ መካከል ነው። በእኔ ወንበር ለምትቀመጡ የምለው ይህን ነው፤ ትንሽ ልጅ ላለው ቤተሰብ ቦታ ስትመርጡ መጀመሪያ እናቲቱ የምትፈራውን ጠይቁ። ከዚያ ለኩ። መስኮቱን መጨረሻ ላይ ታስቡበታላችሁ።