ዶሮ ያደረበት ራዲዮግራም

ንፋስ ስልክ ውስጥ የእኔን የመሰለ ጆሮ ያለው ሰው አልነበረም። ሳሪስ ላይ መርፌ ቢወድቅ ቁጥሩን እነግራችሁ ነበር። አውቶቡሱ ገና ቃሊቲ ሳለ ሞተሩን ሰምቼ የትኛው ሹፌር እንደሚነዳው አውቅ ነበር። ይህን እየጻፍኩ ሳለ ባለቤቴ ምሳ ቀርቧል ብላ ሦስት ጊዜ ተጣርታ፣ በአራተኛው መጥታ ትከሻዬን ነካችኝ። ጽሑፍ ላይ ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ለማንኛውም፣ የጆሮዬ ዝና የወጣው በደርግ ጊዜ፣ በአንድ ራዲዮግራም ነው። ራዲዮግራም ለማያውቅ፣ ራዲዮና ሸክላ ማጫወቻ በአንድ ሣጥን የያዘ፣ በግራና በቀኙ አንዳንድ ስፒከር ያለው፣ ቡፌ የሚያህል የእንጨት ዕቃ ነው። ያገኘሁት ላፍቶ ነው። ላፍቶ ሲባል ዛሬ ሱቅና ፎቅ ለሚታየው ሰው፣ ያኔ እርሻ ነበር። ወተት የምንወስድባቸው አንዲት ባልቴት እዚያ ነበሩ። ባላቸው የአንድ ፈረንጅ ዘበኛ ነበሩ፤ ፈረንጁ አብዮቱ ሲፈነዳ አገሩ ሲገባ ዕቃውን ትቶላቸው ሄደ። ቤታቸው መብራት ስለሌለው ራዲዮግራሙ ሌላ ሥራ ተሰጠው።

“እማማ፣ ይሄ ምንድነው?” አልኳቸው፣ ወተቱን ትቼ።

“የዶሮ ቤት ነዋ! አታይም እንዴ?”

“ይሄ እኮ ዘፋኝ ነው።”

“የምትዘፍነውስ እሷ ናት” አሉና ሸክላ ማጫወቻው ላይ እንቁላል የታቀፈችውን ቀይ ዶሮ አሳዩኝ።

በሁለት እሑድ ከጣውላ ደህና የዶሮ ቆጥ ሠርቼላቸው ተለዋወጥን። እሳቸውም ያተረፉ መሰላቸው። “የዚያኛው በር ወደ ላይ እየተከፈተ ያስቸግረኝ ነበር” አሉኝ። ዕቃውን በጋሪ አስጭኜ አመጣሁት። ፈረሱ ከዚያ ቀን በኋላ ቀና ብሎ አልሄደም ይባላል።

ስድስት ወር ፈጀብኝ። ከውስጡ ያወጣሁት ላባ ሁለት ትራስ ይሞላል፤ ኩሱ ደግሞ የግቢያችንን ጎመን እስከ ጣሪያ አደረሰው። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት። ቫልቭ የሚባሉት ብርጭቆዎቹ ሁለቱ ተቃጥለው ስለነበር ምናለሽ ተራ ስንት ቅዳሜ ስመላለስ ከረምኩ። ሸክላውን የሚያዞረው ጎማ ደርቆ ፍርፋሪ ሆኖ ነበር፤ ከብስክሌት ካላማዳሪ፣ ከውስጠኛው ጎማ፣ ቆርጬ አዲስ ሠራሁለት። የቀኙን ስፒከር በካውያ በይጄ ስጨርስ መበየጃው ሊድ አለቀብኝ፤ እሱንም ፈልጌ እስካመጣ ሌላ ሥራ ያዝኩ።

በመጨረሻ ሰክቼ ቫልቮቹ ቀስ እያሉ ሲቀሉ፣ መርፌውም ሸክላው ላይ ሲያርፍ፣ ያ የክራር ድምፅ ወጣ። ምን ልበላችሁ፣ ክራሩ ብቻ ሳይሆን የደርዳሪው ጥፍር ጭምር ተሰማኝ። ጎረቤት ሁሉ መጣ። እኔ አንገቴን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ “ትንሽ ጎርነን ይበል” እያልኩ ቁልፍ አዞራለሁ። ሰዉ አንገቴን አይቶ “አቤት ጆሮ!” ይላል። ሕፃኑ ልጃችን እንኳን ከራዲዮግራሙ በግራ በኩል አልጋው ላይ፣ ዘፈኑ እየጮኸ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር። ባለቤቴ ቤቱን ሁሉ ሞክራ እሱ ሳይነቃ የሚተኛበት ቦታ ይህ ብቻ ሆኖ አገኘችው።

ዝና ግን እግር አለው፤ ቀበሌ ደረሰ። የአብዮቱ በዓል ሲቃረብ ሊቀመንበሩ እሑድ ከሰዓት መጥተው ራዲዮግራሙን እንደሚያዩ፣ ደህና ከሆነም ለአዳራሹ በውሰት እንደሚወስዱት ተነገረን። ውሰት ምን እንደሆነ እናውቃለን። የጎረቤታችን አግዳሚ ወንበር ለአንድ ስብሰባ ተብሎ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ስብሰባው አላለቀም።

“አንድ ሽቦ ንቀልና ይዘጋ” አለች ባለቤቴ።

“እሺ።”

“እሺ አትበለኝ፤ ንቀል!”

ካቻቢቴዬን ይዤ ከኋላው ተንበረከክሁ። ሁለት ብሎን ፈታሁ። ስድስት ወር ሙሉ ያስታመምኩትን በገዛ እጄ ልጎዳው? እንግዳ ፊት ድምፁ ተዘግቶ “የእሱ ሥራ ይሄ ነው?” ሊባል? ብሎኖቹን መልሼ አጠበቅሁ። ለባለቤቴ ግን ነቅያለሁ አልኳት።

ሊቀመንበሩ ሲመጡ የክብሩን ወንበር ሰጠናቸው፤ ከሕፃኑ አልጋ አጠገብ። እኔ ሸክላውን አስቀመጥኩ። ክራሩ ቤቱን ሞላው። ባለቤቴ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ዕቃዬን ላጣ መሆኔን እያወቅሁ፣ ይቅር በሉኝ፣ ድምፁን ጨመርኩ።

ሊቀመንበሩ ግን የሚያዩት ሕፃኑን ነበር።

“ጓድ፣ ይሄ ልጅ እንዴት ነው የሚተኛው?”

“የድምፁ ጥራት ነው ጓድ ሊቀመንበር! ንጹሕ ድምፅ ልጅ አይቀሰቅስም!”

ተነሱ። ጆሯቸውን በግራው በኩል የስፒከሩ ጨርቅ ላይ ለጠፉ፤ ከዚያ በቀኙ፤ ከዚያ እንደገና በግራው።

“በዚህ በኩል እኮ ድምፅ የለም።”

“ኧረ በፍጹም! በሁለቱም በኩል እንደ ፏፏቴ...”

ባለቤቴ እግሬን በተረከዟ ረገጠችኝ። “አዎ ጓድ፣ ከታመመ ቆይቷል” አለች፣ የዘመድ ሕመም በምትናገርበት ድምፅ።

“አዳራሹን የሚሞላ ነው እኛ የምንፈልገው። ግማሹ ሕዝብ ምን ሊሰማ ነው?” አሉና ኮፍያቸውን አነሱ። በር ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ “የሚያውቅ ሰው ፈልግና አሠራው” አሉኝ። በሕይወቴ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም። ዋጥ አድርጌ “እሺ ጓድ” አልኩ።

በሩ ሲዘጋ ባለቤቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

“አንተ ሰውዬ! አልነቀለውም ብዬ ልቤ ወልቆ ነበር እኮ! አንዱን ጎን ብቻ! እንዴት አሰብከው?”

“ሙያ ነው” አልኳት።

ለጎረቤት ልታወራ ሮጠች። ወሬው እስከ ሀና ማርያም ደረሰ፤ ሰው ዕቃውን ግማሽ ጎን እንዴት እንደሚያሳምም ሊጠይቀኝ ይመጣ ጀመር። እኔም አንገቴን ዘንበል አድርጌ አስረዳ ነበር። ባለሥልጣን ይመጣል በተባለ ቁጥር የግራውን ሽቦ መንቀል ልማዴ ሆነ። ራዲዮግራሙ ይኸው ዛሬም ሳሎናችን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሰፈር ከአዳራሽ የተረፈ ብቸኛ ዕቃ ቢባል ማጋነን አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ነው።

የዚያን ቀን ግን ባለቤቴ እንደወጣች ጀርባውን ከፈትኩት። የግራው ስፒከር ሽቦ፣ ሊድ ያለቀብኝ ቀን እንደተውኩት፣ በክር ታስሮ ተቀምጧል። ሊድ ገዝቼ ነበር፤ ወደ ሥራው መመለሱን ግን ረስቼዋለሁ። ስንት ወር ሙሉ በግማሽ ሲዘፍን እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሳወድስ ኖሬያለሁ። ካውያዬን አግዬ በየድኩት፤ ሸክላውንም አስነሳሁ። ለእኔ ምንም አልተለወጠም። ያው ክራር፣ ያው ድምፅ። ልጃችን ግን አልጋው ላይ ተስፈንጥሮ እሪ አለ። ስፒከሩ መሥራቱን ያወቅሁት በዚያ ነው።

ግራ ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም። አንገቴን የማዘነብለው ለዚያ ነው። ለባለቤቴም የነገርኳት ዛሬ ነው፣ ምሳ ላይ።