በረዶ ላይ የተደገሰው ሰርጌ

ዛሬ አማቴ እትዬ ዘምዘም የፍርስራሽ አጥር ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ሆላንድ ውስጥ ከምንኖርበት ሰፈር ከሙርዋይክ ወደ መሀል ከተማ በትራም እየሄድን ነበር። የድሮው የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ፈርሶ ሲያዩ «ውረጂ፣ እንየው» አሉኝ።

ያ አዳራሽ ያላየው ጉድ የለም። በአዘቦት ቀን ልጆች ይንሸራተቱበት፣ ቅዳሜ ዲስኮ ይሆን፣ ለድግስ ሲያከራዩት ደግሞ በረዶው ላይ ጣውላና ምንጣፍ ያነጥፉበት ነበር። እኔና ልጃቸው የተጋባነው እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው። (ኪራዩ ለምን እንደረከሰ የገባን ዘግይቶ ነው።)

እኛ የወሎ ሰዎች ደግሞ ምንጣፍ በጫማ አንረግጥም። እንግዳው ሁሉ ጫማውን በር ላይ ደርድሮ ገባ። ከሥር ያለውን በረዶ ማንም አላሰበም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ሽማግሌ ሳይቀር ይዘላል። ሆላንዳዊው የአዳራሹ ሠራተኛ «እንደናንተ ደስተኛ ሕዝብ አይቼ አላውቅም» አለኝ።

ጫማ እናድርግ እንዳንል እትዬ ዘምዘም ፊት ለፊታችን በባዶ እግራቸው ቆመዋል። ማን ይድፈር።

ዛሬ አጥሩ ጋ ቆመን ይህንን ነገርኳቸው። «እርስዎን አፍረን እኮ ነው በብርድ ያለቅነው» አልኳቸው።

«እኔስ?» አሉ። «ከእናንተ አንዱ ጫማውን ቢያደርግ ብዬ ስጠብቅ እግሬ ደንዝዞ ቀረ። የሙሽራ እናት ሆኜ እንዴት ልጀምር?»

ሳቁ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አዳራሹ እስኪፈርስ ድረስ ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም ነበር።

እናንተስ በይሉኝታ የተንቀጠቀጣችሁት የት ነው? ቤቱ ሳይፈርስ ተናገሩ።