ያልጻፍኩት ስኩዌር ሩት

አሰላ ውስጥ አሥረኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ በሒሳብ የሚቀድመኝ አልነበረም። መምህራችን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር። ከባድ ጥያቄ ሲሆን ጠመኔውን ወደ እኔ ዘርግቶ «ነይ፣ አንቺ አሳያቸው» ይለኛል። ያቺ ቃል የእኔ ብቻ ትመስለኝ ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስንገባ ከአቦምሳ አንዲት ልጅ መጣች። ገበያው አጠገብ ጨርቅ የምትሸጥ አክስቷ ጋ ሆና ልትማር ነው። ለሳምንት ያህል ድምፅዋን አልሰማንም። አንድ ቀን መምህሩ በ(0፣0)፣ በ(6፣0) እና በ(0፣8) የሚያልፈውን ክብ ማዕከልና ራዲየስ እንድንፈልግ ጠየቀን። እንደ ልማዴ ወጣሁ። የክቡን ኢኩዌሽን ጽፌ፣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እየተካሁ የሰሌዳውን ግማሽ ሞላሁት። ልጨርስ ስል ልጅቷ ከኋላ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሁለቱ ነጥቦች ዘንጎቹ ላይ ናቸው። ስለዚህ መነሻው ላይ ያለው አንግል ዘጠና ነው። ከዘጠናው ፊት ለፊት ያለው መስመር ደግሞ ዳያሜትር ይሆናል። መሐሉ (3፣4)፣ ራዲየሱ አምስት።»

መምህሩ ሳቀ። በእኔ አልነበረም፣ ደስ ብሎት ነው። እኔ ግን ጠመኔውን እንደያዝኩ ፊቴ ሲግል ታወቀኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ እሷን ማየት ሆነ። ደብተሯ ላይ አንድ ስርዝ የለም። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ «እስቲ አስረጂን» እያሉ ሲከቧት ሳይ ደብተሬን ከፍቼ የምሠራ እመስላለሁ። በፊት እኔን ነበር የሚከቡት።

አንድ ጊዜ እናቷ ታመው አቦምሳ ሄዳ አራት ቀን ቀረች። ስትመለስ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«የቀረሁበትን ኖት ትሰጪኛለሽ? ያንቺ ጽሑፍ ይነበባል።»

«ገልብጬ አመጣልሻለሁ» አልኳት።

ቤት ገብቼ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩላት። ከአንድ ነጥብ እስከ አንድ መስመር ያለውን ርቀት የሚሰጠው ፎርሙላ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ከዚያ ከታች የሚገባውን ስኩዌር ሩት ተውኩት። እንዳትነቃ ምሳሌውንም ዘለልኩ። ወረቀቱን ስሰጣት «ገለቶሚ» ብላ አመስግና አቀፈችኝ።

በሳምንቱ ተፈተንን። ከ(9፣12) እስከ 3x + 4y = 25 ያለውን ርቀት ፈልጉ ይላል። እኔ በሁለት መስመር ጨረስኩ፤ ሃምሳ ሲካፈል ለአምስት፣ አሥር። እኔ በገለበጥኩላት ወረቀት የሚሠራ ግን ሃምሳን ለሃያ አምስት አካፍሎ ሁለት ነው የሚያገኘው። ቀና ብዬ አየኋት። አጎንብሳ ገጽ ሙሉ ትጽፋለች። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ራሱ አስፈራኝ።

ከሃያ ሃያ አመጣች። እኔ ሌላ ጥያቄ ላይ ምልክት ስቼ አሥራ ስምንት። መምህሩ ጠመኔውን ዘረጋላት።

«ነይ፣ አንቺ አሳያቸው።»

የመስመሩ ስሎፕ ሲቀነስ ሦስት አራተኛ ነው፣ ቀጥ ብሎ የሚቆርጠው ደግሞ አራት ሦስተኛ አለች። ከነጥቡ ተነስታ y = 4x/3 ብላ ጻፈች። ሁለቱ መስመሮች (3፣4) ላይ ተገናኙ። ልዩነቱ ስድስትና ስምንት፣ ሠላሳ ስድስትና ስልሳ አራት መቶ፣ ሩቱ አሥር።

«ፎርሙላውን ለምን አልተጠቀምሽም?» አላት መምህሩ።

«አላመንኩትም፣ ቲቸር።»

ወደ እኔ አላየችም።

ስንወጣ ዝናብ ይዘንብ ነበር። በረንዳው ላይ አጠገቧ ቆምኩ።

«ሩቱን ሆን ብዬ ነው የተውኩት» አልኳት።

«አውቃለሁ። አንቺ እንዲህ ያለ ነገር አትረሺም።» እጇን ወደ ዝናቡ ዘረጋች። «ለእናቴ በስልክ ‹ጓደኛ አገኘሁ› ብያት ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅኳት፣ እሺ አለችኝ። ሰላምታም አልነፈገችኝም። ኖት ግን ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። እስከ አሥራ ሁለተኛ እሷ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ ሆነን ጨረስን።

አሁን ሲሬ ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ። እሷ መሐንዲስ ሆናለች። ባለፈው ወር የምትሠራው ድልድይ ላይ ቆማ የተነሳችውን ፎቶ ስልኬ ላይ አየሁ። ቅናቱ ለቆኝ ነበር ብል እዋሻለሁ። ከብዙ ማመንታት በኋላ «እንኳን ደስ አለሽ» ብዬ ጻፍኩላት። መልሷ እስኪመጣ ስልኩን ከእጄ አላስቀመጥኩም።